ስታርታፕ ልግባ ወይስ ባንክ? ሁለት ኦፈር እጃችሁ ላይ ሲኖር ከመፈረማችሁ በፊት የምትሠሩት ሥራ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ሁለት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋ፣ ሰባት ወር ሙሉ ሲቪ ስትበትን ከርማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኦፈር መጣላት። አንደኛው ከባንክ ነው፣ የአይቲ ሰልጣኝ ሆና በ18,000 ብር፤ ሁለተኛው መገናኛ አካባቢ ቢሮ ካለው፣ ለሱቆች እቃ ማዘዣ አፕ ከሚሠራ አስራ አራት ሰው ካለው ስታርታፕ (ገና በመቋቋም ላይ ያለ አዲስ ድርጅት)፣ በ30,000 ብር። ሁለቱም እስከ ዓርብ መልስሽን አሳውቂን ብለዋታል። እናቷ ባንክ እያለ ምን ታወላውላለች ትላለች፣ ጓደኞቿ ደግሞ ባንክ ገብተሽ ፕሪንተር ስታስተካክዪ ልትኖሪ ነው ወይ ይሏታል፣ እሷ መሃል ላይ ሆና እንቅልፍ አጥታለች።

እኔ አራት ዓመት ባንክ አይቲ ክፍል ሠርቻለሁ፣ ከዛ ሁለት ስታርታፕ ውስጥ ገብቻለሁ፣ አንዱ ተዘግቷል አንዱ አሁንም አለ። ስለዚህ ሁለቱንም ቤት ኖሬበታለሁ ማለት ይቻላል። ያን ማታ ከሷ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን የሠራነውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። ስታርታፕ ይሻላል ወይም ትልቅ ድርጅት ይሻላል የሚል መልስ የለኝም። ያለኝ ነገር፣ የድርጅቱን ስም ለጊዜው ትታችሁ ሁለት ነገር ብቻ እንድታዩ ነው፦ ነገር ቢበላሽ ጉዳቱ ማን ላይ ነው የሚያርፈው፣ እና ከሁለት ዓመት በኋላ ስትወጡ እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል፣ ችሎታም ወረቀትም። ከታች ያሉት በሙሉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ ናቸው።

ስሙን ተዉት ያልኩት በምክንያት ነው። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር የተጀመረው አገሪቱ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ በሆነው ኢትዮ ቴሌኮም ውስጥ ነው፣ ግን አዲስ ነገር ከዜሮ የመጀመር ሥራ ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲከፍት ከኋላው ትልቅ ኩባንያ ነበረው፣ እዚህ ግን ሁሉንም ከመሠረቱ እየገነባ ነበር። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው የታክሲ መጥሪያው ራይድ ደግሞ ሲጀምር ትንሽ ነበር፣ ዛሬ ማንም ትንሽ ነው አይለውም። ስለዚህ "ስታርታፕ" የሚለው ቃል ብቻውን ስለምትገቡበት ክፍል ምንም አይነግራችሁም።

1. መጀመሪያ ቤታችሁን ቁጠሩ

ኦፈሩን ከማየታችሁ በፊት ራሳችሁን እዩ። ደመወዝ ባይገባ ስንት ወር መቆየት ትችላላችሁ? ቁጥሩን በግምት ሳይሆን ጽፋችሁ አውጡት፣ የቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ ዕቁብ፣ እድር፣ ለቤተሰብ የምትሰጡት፣ ሁሉንም።

የአክስቴ ልጅ አየር ጤና ከወላጆቿ ጋር ነው የምትኖረው፣ ኪራይ የለባትም። አባቷ ጡረታ ወጥቷል። ታክሲ፣ ምሳ፣ የስልክ ካርድ፣ ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት የምታግዘው 3,000፣ ተደምሮ በወር 9,000 ብር አካባቢ መጣ። ደመወዝ ቢቋረጥ ከወላጆቿ ቤት ማንም አያስወጣትም፣ ወንድሟ ግን ከትምህርት ቤት ይጠራል። ይሄ ነው ቁጥሩ ማለት።

የኔ መስመር ይሄ ነው፦ እናንተ ላይ የሚኖር ሰው ካለና የሦስት ወር ወጪ በእጃችሁ ከሌለ፣ ደመወዝ አዘግይቶ የሚያውቅ ስታርታፕ ጋ አትግቡ፣ የፈለገ ያህል ቢያማምር። ብቻችሁን ከሆናችሁ ወይም ቤተሰብ ጋ ከሆናችሁ ግን ለመሞከር ከዚህ የተሻለ ዕድሜ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ትዳርና ልጅ ከመጣ በኋላ ሂሳቡ ሌላ ነው።

2. ደብዳቤውን እንደ ውል አንብቡት

ብዙ ሰው የኦፈር ደብዳቤ ሲደርሰው ደመወዙን አይቶ ይዘጋዋል። እኛ መስመር በመስመር ነው ያየነው።

ቀጣሪው ማነው? ይሄ የሞኝ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፣ ግን ትልቅ ድርጅት ገባሁ ብሎ ውሉ ላይ ያለው ስም የአውትሶርሲንግ ኤጀንሲ የሆነበት ስንት ሰው አውቃለሁ። ቢሮው የባንኩ ነው፣ አለቃው የባንኩ ሠራተኛ ነው፣ አንተ ግን የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ነህ፣ ጥቅማ ጥቅሙም ብድሩም ቦነሱም አይመለከትህም። የትልቅ ድርጅት ጥቅም የሚባለውን ሁሉ የምትቆጥሩት በራሱ ስም ሲቀጥራችሁ ብቻ ነው።

ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ለተወሰነ? የሙከራ ጊዜውስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስታርታፖች ስድስት ወር ፕሮቤሽን ብለው ሲጽፉ አያለሁ፣ አንዳንዶቹ በክፋት ሳይሆን ከውጭ አገር የወረደ ፎርም ተጠቅመው ነው፣ ግን እንዲስተካከል ጠይቁ። በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቷችሁ ስለሚችሉ ርዝመቱ ቀልድ አይደለም።

የዓመት ዕረፍት በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት ላይ 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በአዘቦት ቀን 1.5፣ ማታ ከአራት ሰዓት እስከ ንጋት አስራ ሁለት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ይታሰባል። ስታርታፕ ውስጥ ትርፍ ሰዓት የሚከፍል ብዙ አላየሁም፣ ስለዚህ 30,000ውን ለ48 ሰዓት ነው ወይስ ለ65 ሰዓት የምታገኙት የሚለውን ለራሳችሁ አስሉት።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ ማዕረግ። ስታርታፕ ውስጥ በሦስተኛው ወር ሄድ ኦፍ ምንትስ ይሏችኋል፣ ደስ ይላል። ግን አዋጁ የሥራ መሪ የሚባሉትን አይሸፍንም። ስሙ ብቻውን ሳይሆን ሥልጣኑ ነው የሚታየው፣ ማለትም ሰው የመቅጠር የማሰናበት፣ የድርጅቱን ፖሊሲ የመወሰን ሥልጣን ተሰጥቷችሁ ከሆነ ከላይ የዘረዘርኩት መብት ሁሉ በውላችሁ ላይ ካልተጻፈ ሊቀርባችሁ ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲሰጧችሁ የማስጠንቀቂያ ጊዜውንና የስንብት ክፍያውን ውሉ ውስጥ አስገቡት።

3. ኔቱን፣ ተቆርጦ እጃችሁ የሚገባውን፣ አስሉ

18 ሺህና 30 ሺህ ሲባል ልዩነቱ 12 ሺህ ይመስላል። አይደለም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የግብር ስሌት እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፣ ከ14,000 በላይ ላለ ደመወዝ ደግሞ አጭሩ መንገድ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። ከዛ 7 በመቶ ጡረታ ይወጣል።

ባንኩ፦ 18,000 ላይ ግብር 4,250፣ ጡረታ 1,260፣ እጇ የሚገባው 12,490።
ስታርታፑ፦ 30,000 ላይ ግብር 8,450፣ ጡረታ 2,100፣ እጇ የሚገባው 19,450።

ልዩነቱ በወር 6,960 ብር ነው። ከዛ ላይ ባንኩ ሰንጋ ተራ ስለሆነ ከአየር ጤና ቅርብ ነው፣ መገናኛ ግን ሁለት ታክሲ ሲሆን ማታ ላይ ሰልፉም አለ። ባንኩ የሕክምና ሽፋን አለው፣ ስታርታፑ የለውም። ቦነስን ዜሮ አድርጋችሁ ቁጠሩት፣ ባንክ ውስጥ የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣውም ቢሆን ትርፍ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ውላችሁ ላይ የለም።

ይሄን ካየን በኋላ ያልኳት ይሄን ነው፣ 6,960ው ደመወዝሽ አይደለም፣ የአደጋ ክፍያሽ ነው፣ ስታርታፕ ከገባሽ እንደሌለ አድርገሽ ሌላ ሒሳብ ቁጥር ላይ አስቀምጪው። ስድስት ወር ብታስቀምጥ 41,760 ይሆናል፣ በወር 9,000 ለምታወጣ ሰው አራት ወር ተኩል ያኖራል። ስታርታፕ ገብቶ የባንክ ሠራተኛ ደመወዝ የሚያወጣ ሰው ድርጅቱ ቢዘጋም አይደነግጥም፣ ሙሉውን የሚበላ ግን ከባንኩ ሰልጣኝ የባሰ ጭንቀት ውስጥ ነው ያለው።

እና እባካችሁ፣ "ግብርና ጡረታ አንቆርጥብህም፣ ሙሉውን በእጅህ" የሚል ኦፈር ሲመጣ እንደ ስጦታ አትዩት። አሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ከራሱ የመክፈል ግዴታ አለበት፣ 30,000 ላይ 3,300 ብር በየወሩ ማለት ነው፣ ያ ገንዘብ የናንተ ነው። ሌላው ጣጣ ደግሞ ከዚህ በታች አለ።

4. ስታርታፑን ፈትሹ

ይሄ ነው ዋናው ሥራ፣ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ሰው ግን አይሠራውም።

ወረቀቱ። የንግድ ፈቃዱን የንግድ ሚኒስቴር ኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ በግብር ከፋይ ቁጥራቸው መፈለግ ይቻላል። ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ጥር ላይ ያልታደሰ ካያችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ፈቃዱ ላይ ያለው ሥራና እነሱ የሚሠሩት ሥራ ይገናኛል ወይ? በተለይ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚፈልግ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ፈቃድ በሂደት ላይ ነው ከተባላችሁ እሱ እስኪመጣ ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል ማወቅ አለባችሁ።

ገንዘቡ። ማነው የሚከፍላቸው? የሚከፍል ደንበኛ አላቸው ወይስ በውድድር ሽልማትና በእርዳታ ገንዘብ ነው የቆሙት? ሽልማት መጥፎ ነገር አይደለም ግን ያልቃል። በእጃችሁ ያለው ገንዘብ የስንት ወር ደመወዝ ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ፣ አዎ በቀጥታ፣ ኢንተርቪው ላይ። ጥሩ መሥራች አይቆጣም፣ አንዳንዱ እንደውም ስለጠየቃችሁ ያከብራችኋል። የተቆጣ ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ከዶላር ጋር ያለውን ነገርም ጠይቁ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬ ተመኑ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 በላይ ሲገባ የሰርቨር ኪራይ በዶላር የሚከፍል በብር የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ ወጪው በአንዴ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ገቢያቸው በብር ነው በዶላር? ወጪያቸውስ?

ዕቃው። አፑን አውርዳችሁ ተጠቀሙት። የአክስቴ ልጅ አየር ጤና ያለው የጎረቤቷ ሱቅ በስታርታፑ አፕ ሁለት ካርቶን ሳሙናና አንድ ጀሪካን ዘይት እንዲያዝ አደረገች። ዕቃው በማግስቱ ጠዋት መጣ፣ ዘይቱ ግን አንድ ሊትር ጎድሎ ነበር፣ ባለሱቁ ደወለ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰው መልሶ ደወለለትና ከሰዓት ላይ ተተካለት። እኔ ከዚህ የተሻለ ኢንተርቪው አላውቅም። ባለሱቁ ራሱ "ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ያመጡልኛል" አላት፣ የሚከፍል ደንበኛ አለ ማለት ነው።

ሰዎቹ። ሊንክድኢን ላይ የወጡ ሠራተኞችን ፈልጉና ሁለት ሰው አናግሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፣ ባለፈው ዓመት ደመወዝ ዘግይቶ ያውቃል? ስንት ቀን? አምስት ቀን የዘገየና ያሳወቀ ድርጅት አንድ ነገር ነው፣ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ዝም ያለ ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በዚህ የተቃጠልኩት በሕግ ጉዳይ ነው። የተዘጋው ስታርታፕ ውስጥ እያለሁ የጥቅምት ደመወዝ ዘገየ፣ የኅዳርም፣ የታኅሣሥም። ጥር ላይ ፈንድ ይገባል ተባልን፣ ልጆቹን እንወዳቸው ነበር፣ አብረን ሽሮ በልተን ቢሮ ያደርን ሰዎች ነን፣ ማን ይከሳል? ግንቦት 10 አካባቢ አንድ ጠበቃ ጓደኛዬን ሳማክረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ቀኑን ነው። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። የጥቅምቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አልፎበታል፣ የኅዳሩ ሃያ ቀን ቀርቶታል። እንወዳቸው የነበረው ፍቅር የአንድ ወር ደመወዝ አስከፈለኝ፣ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ደመወዝ ሲዘገይባችሁ ከናንተ ጋር የሚቆጥር ሰዓት እንዳለ እወቁ፣ መክሰስ ባትፈልጉ እንኳን ዕዳው እንዳለባቸው በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላችሁ አድርጉ፣ በጽሑፍ ማመን ይርጋውን ያቋርጠዋል። ደግሞ ድርጅት ሲዘጋ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ቅድሚያ አለው፣ ይሄን ሳታውቁ "ምንም የለም" ተብላችሁ እንዳትመለሱ።

እዛው ድርጅት ውስጥ ሌላም ነገር አገኘሁ። ፔይስሊፔ (የደመወዝ መግለጫ ወረቀቴ) ላይ በየወሩ ጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ ገቢ ግን አልተደረገም ነበር። ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ለሌላ ሥራ ሳመለክት ነው። ትልልቅ ድርጅቶች የሥራ ማስታወቂያ ላይ ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ የሚል መስመር ታውቁት የለ? ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የምናየው ነው። ግብሩና ጡረታው ካልገባ ሁለት ዓመት ሌት ተቀን የሠራችሁት እነሱ ዘንድ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን በእጅህ የሚለው ኦፈር ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ያለፈውን ወር ያስገቡትን የጡረታ ማሳወቂያና ደረሰኝ አሳዩኝ በሉ፣ የሌሎችን ስምና ደመወዝ ሸፍነው ማሳየት ይችላሉ።

5. ትልቁንም ፈትሹ

ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። እኔ ባንክ ስገባ ያልጠየቅኋቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ።

የስልጠና ግዴታ። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች አሰልጥነው ለተወሰነ ዓመት አገልግል፣ ካልሆነ ይህን ያህል ብር መልስ ብለው ያስፈርማሉ። ስንት ዓመት፣ ስንት ብር፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠይቁ። ዋስም ይፈልጋሉ፣ ደመወዝ ያለው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አምጥቶ ይዋሳችኋል። ስትወጡ ጣጣ ካለ እሱ ቤት ነው የሚንኳኳው፣ አጎታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት ይሄን አስቡ። በተቃራኒው ደግሞ ስታርታፕ ውስጥ ስትሆኑ እናንተ ለሰው ዋስ ልሁን ስትሉ የድርጅታችሁን ደብዳቤ የማይቀበል ብዙ ነው፣ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን የቤት ሰው ሲለምናችሁ ይከብዳል።

የሠራተኛ ብድር። የባንክ ሥራ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፣ ለቤትም ለመኪናም ከገበያው በጣም ባነሰ ወለድ ይሰጣሉ። ስንት ዓመት ካገለገላችሁ በኋላ ነው የሚፈቀደው? ወረፋው ስንት ነው? ስትለቁ ወለዱ ስንት ይሆናል? ስትለቁ ወደ ገበያው ወለድ ይቀየራል የሚል ውል የተለመደ ነው። ብድሩ ቤት ያሠራል፣ ያው ደግሞ እግር ተወርች ያስራል፣ የሥራ ባልደረቦቼ ውስጥ በጣም ጎበዝ የነበሩ ልጆች የተሻለ ሥራ እየመጣላቸው በብድሩ ምክንያት ሲያሳልፉ አይቻለሁ። ቤት መሥራት ለናንተ ከሁሉ የሚቀድም ነገር ከሆነ ግን በሙሉ ልብ ባንክ ግቡ፣ በኔ ዕድሜ ካሉ ጓደኞቼ ቤት ያላቸው እነሱ ናቸው።

የምትመደቡበት ክፍል። አይቲ ሰልጣኝ ማለት ኮር ባንኪንግ (የባንኩን ዋና ሲስተም የሚይዘው) ቡድን ውስጥ መግባትም ሊሆን ይችላል፣ ቅርንጫፍ ላይ ፕሪንተርና ኔትወርክ መጠገንም ሊሆን ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የአክስቴ ልጅ የባንኩ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ጋ ደውላ ጠየቀች፣ "ከስልጠናው በኋላ እንደ ድርጅቱ ፍላጎት ነው የምትመደቢው" አሏት። ሐቀኛ መልስ ነው፣ ግን መልሱን በወረቀቱ ላይ ጻፍነው።

6. ሼር እንሰጥሃለን ሲሏችሁ

በአጭሩ፣ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ዜሮ ነው። በጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ። የየትኛው ኩባንያ ሼር ነው፣ እዚህ የተመዘገበው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው ወይስ ከውጭ ኢንቨስተር ጋር ለመሥራት አሜሪካ ደላዌር የተመዘገበ ሌላ ኩባንያ? ከጠቅላላው ስንት በመቶ ነው? አንድ ሺህ ሼር ቢሏችሁ ጠቅላላው አስር ሚሊዮን ከሆነ ምንም ማለት አይደለም። በስንት ዓመት ነው የናንተ የሚሆነው፣ ብዙዎቹ አራት ዓመት ያደርጉታል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጨርሱ ከወጣችሁ ምንም አታገኙም። እዚህ አገር ያለው ማኅበር ከሆነ የአባላት ቁጥር ከ50 መብለጥ አይችልም፣ ድርሻ ሲተላለፍም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ስለዚህ በቴሌግራም "አንድ ፐርሰንት ያንተ ነው" መባል ድርሻ አይደለም። ለማን ትሸጡታላችሁ የሚለውም አለ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ነው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው፣ የትናንሽ ድርጅት ሼር እዛ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል።

የአክስቴ ልጅ ኦፈር ላይ ሼር አልነበረም፣ ስለዚህ አለፍነው።

7. ማን ያስተምረኛል?

የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ ይሄ ከደመወዙ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስታርታፕ ብዙ ነገር ያሳያል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ የራሳችሁን ስህተት ነው ደጋግማችሁ የምትማሩት። ኮዳችሁን የሚያይ፣ ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ የሚላችሁ ከናንተ የበለጠ ሰው አለ ወይ? ስሙን ጠይቁ፣ ከሱ ጋር ግማሽ ሰዓት አገናኙኝ በሉ። ስታርታፑ ውስጥ አራት ዲቨሎፐር አለ፣ አንደኛዋ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ናት። የአክስቴ ልጅ አርባ ደቂቃ አወራቻት፣ ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነበር። እሷ ባትኖር ኖሮ እኔ ባንክ ግቢ ነበር የምላት፣ ምንም ሳላመነታ።

8. ዓርብ ሳይደርስ በጽሑፍ ጠይቁ

የጎደለውን ዘርዝራችሁ በአንድ አጭር ኢሜይል ላኩ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ ማንም አያስታውሰውም። እኛ የላክነው አራት መስመር ነበር፦ የሙከራ ጊዜው ስድስት ወር የሚለው ወደ 60 የሥራ ቀን ይስተካከል፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑ ይጻፍ፣ ግብርና ጡረታ በየወሩ ገቢ እንደሚደረግ ይጻፍና ያለፈው ወር ደረሰኝ ይታይልኝ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን በቁጥር ይቀመጥ። አመስግናችሁ ጀምሩ፣ አመስግናችሁ ጨርሱ፣ መሃሉን ግን አታለሳልሱት።

ለሁለቱም ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅም ይቻላል። ባንኩ አይሆንም አለ፣ ስታርታፑ እስከ ማክሰኞ ሰጣት። ሐሙስ ማታ ላይ የስታርታፑ መልስ መጣ፣ ሦስቱን ተቀበሉ፣ ደረሰኙንም ስም ሸፍነው ላኩ፣ የደመወዙን ቀን ግን "ከወሩ መጨረሻ እስከ 5ኛው ቀን" ብለው ነው የጻፉት። ለኔ ይበቃል፣ ቀን ያለው ነገር ነው። ዓርብ ጠዋት ባንኩ ጋ ደውላ አመስግና ይቅርብኝ አለች። እናቷ ሁለት ቀን አኮረፈች።

ሥራ ላይ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ውል ተፈርሞ በእጃችሁ ሳይገባ መልቀቂያ አታስገቡ። የሙከራ ጊዜ ያለፈ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ ይሄን ለአዲሱ ቀጣሪ ከመጀመሪያው ንገሩት። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ፣ ከወጣችሁ በኋላ ለማግኘት የምትመላለሱት መመላለስ አይጣል ነው።

9. ከገባችሁ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት

ፋይል ክፈቱ፣ ስልካችሁ ላይም ቢሆን። የተፈረመው ውል፣ በየወሩ ፔይስሊፕ፣ ደመወዝ የገባበት ቀን፣ የሰጧችሁ ማናቸውም ደብዳቤ ፎቶ። በሁለተኛው ወር የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ፣ ቁጥር ከሌላችሁ ገና አልተመዘገባችሁም ማለት ነው። ከ60 የሥራ ቀን በፊት ባለው ሳምንት አለቃችሁን ቁጭ አድርጋችሁ እንዴት ነኝ በሉ፣ እናንተም ለራሳችሁ መልሱ፣ በዚህ ሁለት ወር ተኩል ምን ቻልኩ? ሙከራው ለናንተም ሙከራ ነው፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላላችሁ።

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያው ደመወዟ በ3ኛው ቀን ገባ፣ ሁለተኛው በ5ኛው። ሦስተኛው በ8ኛው ቀን ነው የገባው፣ ግን በ4ኛው ቀን ጠዋት መሥራቹ ራሱ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ትልቅ ደንበኛ ክፍያ እንዳዘገየና በየትኛው ቀን እንደሚገባ ነግሯቸዋል። ደመወዙ የገባ ዕለት ማታ ደውላ ልፍራ ወይ አለችኝ። ያስቀመጠችው ስንት እንደደረሰ ጠየቅኋት፣ 20,880 አለች፣ አንድም ብር አልነካችም። እንግዲያው ነገ ሥራሽን ግቢ አልኳት፣ ቀኑን ግን ጻፊው።